የሰው ሀገር ሽማግሌ

የማወራው ስለ ራሴ ስለሆነ የምጨምርበት ነገር የለም፤ የሆነው ብቻውን በበቂ ያሳፍራል።

በሀገሬ ሳለሁ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ስሜ አዝመራው ነው፤ ነገር ግን በከተማችን በስሜ የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም። «ሚዛኑ መጣ» ነበር የሚሉት። በአንድ እጄ ማኅተም ያለበትን የሚዛን ድንጋይ፣ በሌላው የደንቡን ወረቀት ይዤ በእህል ተራ ሳልፍ ሴቶቹ መስፈሪያ ጣሳቸውን ከነጠላቸው ስር ይደብቁ ነበር። እኔ ይህን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር። ባለቤቴ ይርገዱ አንድ ቀን «ሰው የሚፈራው ድንጋዩን እንጂ አንተን እኮ አይደለም» ብትለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ከጊዜ በኋላ እህሉም ስኳሩም ጨዉም ከሩቅ ተመዝኖና ታሽጎ መምጣት ጀመረ። የሚመዘን ነገር ጠፋ። መሥሪያ ቤታችን ሥራው እንዳይቋረጥ ብሎ ለሁለት ዓመት በየወሩ እኔን ራሴን ሲመዝን ቆየና በመጨረሻ ተዘጋ። በተዘጋበት ቀን ሰባ አንድ ኪሎ ነበርኩ።

እንግዲህ ተሰደድኩ።

የሄድኩበት ሀገር ዙሪያውን ባሕር ነው። ስሙን አልናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም አንድ ቀን ለሥራ ይሄድበት ይሆናል። የዚያ ሀገር ሰዎች በእንግዳ ተቀባይነታቸው በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ዝናቸው እጅግ ከመግነኑ የተነሳ የሌላው ዓለም ሆቴሎች ሁሉ ይሻሟቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ጉልበትና ፈገግታ ያለው በሙሉ የሌላ ሀገር እንግዳ ሊቀበል ሄዷል። የቀሩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እንግዶቹ ግን ያንን ዝነኛ አቀባበል ለማየት በመርከብ ይጎርፋሉ። የምንቀበላቸው ከየሀገሩ የመጣን እኛ ነን።

መጀመሪያ የተመደብኩት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ አንሶላ ማጠፍ ላይ ነበር። እዚያ አስናቀችን አገኘሁ። የከተማችን ልጅ ናት፤ ክፍል ታጸዳለች። አስናቀች በሀገር ቤት ሳለች ወፍጮ ቤት ቆማ ስትጣራ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። እዚህ ግን ድምጿ ከአንሶላ መንኮሻኮሽ አይበልጥም። የሆቴሉ ደንብ «ሠራተኛ እንደ ነፋስ ይገባል፣ እንደ ነፋስ ይወጣል» ይላል።

«ጋሽ አዝመራው፣ ትናንት ምን እንደሆንኩ ልንገርዎ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ከሥራ ወጥቼ የገዛ ክፍሌን አንኳኳሁ። አንኳኩቼም መልስ እስኪሰጠኝ ቆሜ ጠበቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«መልስ የሚሰጠኝ ሳጣ እንግዳው የለም ብዬ ሄድኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የእኔ ክፍል መሆኑ ትዝ ያለኝ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩባት። እኔ ጎልማሳ ነኝ፤ የመንግሥት ማኅተም ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብኝም ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ለይርገዱ ደወልኩ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አውርተን ስንጨርስ «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ መልካም ቆይታ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው መልሳ ደወለች።

«አሁን ማንን ነው መረጥሽ ያልከኝ?» አለች።

ስልኩ ተበላሽቷል አልኳት።

የሆቴሉ የአቀባበል ሹም ማዳም ኖርዳ ትባላለች። እሷም ከሌላ ሀገር የመጣች ናት፤ ከየት እንደሆነ ግን ጠይቀናት «ቆይቷል» ከማለት በስተቀር አትመልስም። አንድ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጥታ አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጢሜን አየች፤ አንገቴን አየች።

«አንገትህን እንዲህ ቀጥ አድርገህ መያዝ የት ተማርክ?»

«ሚዛን ሥራ ላይ ነው ማዳም። መርፌዋን ለማየት አንገት መዝመም የለበትም።»

«የሀገሩ ሽማግሌያችን ሄዷል» አለች። «በረዶ ያለበት ሀገር የተሻለ ሽማግሌነት አገኘ። ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ አንተ ትቆማለህ።»

«ከሆቴሉ መግባቢያ ቋንቋ በቀር የሀገሩን እኮ አላውቅም።»

«እንግዶቹም አያውቁትም» አለችኝ።

በማግስቱ ነጭ ኩታ አለበሱኝ፤ ከቁመቴ የሚበልጥ ዱላ አስያዙኝ። ሥራው እንዲህ ነው። እንግዳው ሲመጣ በትልቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የባሕር ውሃ እየቀዳሁ ሦስት ጊዜ እጁ ላይ አፈሳለሁ፤ እያፈሰስኩም የሀገሩን ምርቃት እላለሁ። ምርቃቱ አራት መስመር ነው፤ በወረቀት ሰጥተውኛል። ችግሩ ወረቀቱ ስንት ሽማግሌ ያሳለፈ ስለሆነ እርጥበት በልቶት ከሁለተኛው መስመር በታች አይነበብም። በመጀመሪያው ቀን አርባ እንግዳ ተሰልፏል። አንዲት ሸምገል ያለች ሴት እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ሁለቱን መስመር አልኩ፤ አለቀ። ውሃው ግን ገና አላለቀም። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ሃያ ሁለት ዓመት ስለው የኖርኩት ነገር ነው፤ በገዛ ቋንቋዬ፣ ድምፄን ዝግ አድርጌ፣

«የጎደለ ይሙላ። የሞላ አይፍሰስ። ከድንጋዩ በታች እጅ አይግባ። ይህን ተላልፎ የተገኘ ሦስት ወር ይታሰር» አልኳት።

ሴትዮዋ አለቀሰች። ማዳም ኖርዳ ከጀርባዬ ጠጋ ብላ «ያቺን የመጨረሻዋን ለሁሉም በላት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መመለስ አልነበረም። እንግዶቹ ረዘም ያለ ምርቃት ሲወዱ አየሁ፤ ስለዚህ ከሚዛን ደንቡ አንቀጽ ስድስትን ጨመርኩ፤ እርጥብ እህል ከደረቅ አይደባለቅ የሚለውን። ቀጥሎ የልጅነት እንቆቅልሽ ጨመርኩ። ቀጥሎ አባቴ በሬ ሲጠምድ የሚለውን ጨመርኩ። ዱላዬን መሬት ላይ ሦስቴ መምታቱን እንኳ የጀመርኩት እግሬን ጉንዳን ነክሶኝ ነው። በወሩ የሆቴሉ ሥዕላዊ መጽሔት ላይ «ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ተብሎ ወጣ። በስድስተኛው ወር ከዋናው ከተማ የወግ መዝገብ ቤት ሁለት ሰዎች ድምፅ መቅጃ ይዘው መጡ፤ ሙሉ ቀን ቀዱኝ። ጉንዳኑንም ጭምር መዘገቡት። በመጨረሻም ሰማያዊ መታጠቂያ አስታጥቀው «የወግ አባት» የሚል ወረቀት ሰጡኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እንግዲህ ውሸቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ነገሩ የተበላሸው እኔም ስረሳው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹን «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይበላም» እያልኩ መቆጣት ጀመርኩ።

«ጋሽ አዝመራው» አለች አስናቀች አንድ ቀን፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «እኛ ማን ነን?»

መልስ መስጠት ከክብሬ በታች መስሎ ስለታየኝ መታጠቂያዬን አስተካከልኩ።

ከሆቴሉ በታች፣ ባሕሩ ዳር፣ ዴላሪ የምትባል አሮጊት ዓሣ ትሸጣለች። የዚያ ሀገር ተወላጅ ናት፤ ከዚያ ሄዳ አታውቅም። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብላ «በልተሃል?» ትለኛለች፤ መልሴንም ሳትጠብቅ ወደ ዓሣዋ ትመለሳለች። መታጠቂያዬን በታጠቅሁ በሦስተኛው ቀን ቆም አልኩና ገሠጽኳት።

«እማማ ዴላሪ፣ አይቆጡኝና፣ አቀባበልዎ ወጉን የጠበቀ አይደለም። መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ምርቃት። ሰው እንዲህ በደረቁ በልተሃል አይባልም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥርጣሬም ቁጣም ፊቷ ላይ አላየሁም።

«አልበላህም ማለት ነው» አለችና ሁለት ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔም በወግ አባትነቴ ለእጅ መንሻ የሰጠችኝ መስሎኝ ተቀበልኳት።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ አንድ ሰው ወደ በሩ መጣ። ሻንጣ ቢይዝም እንግዳ አይመስልም ነበር፤ ሲራመድ አንድ እጁን ጀርባው ላይ አጥፎ ነው፣ ሌላው እጁ ላይ የማይታይ ሰሐን የያዘ ይመስል። በሩ ለእሱ ሲከፈት ደነገጠና ከፋቹን አመሰገነ፤ ቀጥሎም ራሱ ይዞ ሌላውን አሳለፈ። የሙያ ባልደረባዬ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅኩ። ቅርፊቴን ሳነሳ እጁን አልዘረጋም፤ ከፊቴ ተንበረከከ።

«አባቴ» አለኝ፤ በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንስም። «ስሜ ኦርማኖ ነው። የዚህ መንደር ልጅ ነኝ። እናቴ አርፋለች። ከበረዶው ሀገር ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መመለሴ ነው።»

«እግዜር ያጥናህ» አልኩት።

«ነገ ትቀበራለች። መሸኛውን የሚመራው ልጇ ነው፤ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ጠፍቶብኛል። እዚያ የበረዶ ሰዎች ሽማግሌ ሆኜ ነው የሠራሁት፤ እንግዳ ሲመጣ መዳፉ ላይ እተነፍሳለሁ፣ ስለማላውቃቸው አያቶች እዘፍናለሁ። በየቀኑ አሥራ አራት ዓመት። አሁን የእናቴን መሸኛ ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ ያ የመዳፍ እስትንፋስ ነው።» ከኪሱ የሆቴላችንን መጽሔት አወጣ፤ ከፊት ገጹ ላይ እኔ ነኝ። «እርስዎ ያውቁታል። ይምሩልኝ።»

አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። አፌን የከፈትኩትም ለዚያ ነበር። ግን መታጠቂያዬን ታጥቄ ነበር፤ ሰው ተንበርክኮልኝ ነበር፤ «እመጣለሁ ልጄ» አልኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አስናቀችን አስከትዬ፣ ዱላዬንና ቅርፊቴን ይዤ ሄድኩ። ከባሕሩ ጥግ ባለች ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሟቿ በሰሌን ተጠቅልላለች። እግሯ ብቻ ይታያል፤ ትንሽ እግር፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ። ኦርማኖ ከእግሯ ስር ተንበርክኮ እኔን ያየኛል። ሌሎቹም ያዩኛል። ዴላሪም ከመካከላቸው አለች።

ውሃ ቀዳሁ። ሁለቱን መስመር አልኩ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ኋላ እንደተረዳሁት እነዚያ ሁለት መስመሮች የጀልባ ቀለም ማስታወቂያ ነበሩ። ቀጠልኩ። «የጎደለ ይሙላ…» ብዬ ያን የተሰነጠቀ ተረከዝ አየሁና ቆምኩ። የእናቴም እግር እንዲህ ነበር። እናቴን ስንቀብር ሙሾ ያወጣችው የሰፈራችን ሰው ናት፤ አንድ ባዕድ ተነስቶ ስለ እርጥብ እህል ቢያወራባት ኖሮ በሚዛኔ ድንጋይ ራሱን እለው ነበር። «የሞላ…» ልል ሞከርኩ፤ አልወጣም።

«አላውቀውም» አልኩ። «አላውቀውም፤ ከራሴ ነው የምፈጥረው። ይቅር በሉኝ።»

ማንም አልተገረመም። በጣም የጎዳኝ ይህ ነው፤ አንድም ሰው አልተገረመም።

«እናውቃለን ልጄ» አለች ዴላሪ። «ቁጭ በል። ቅርፊቱንም አስቀምጠው፤ ያ እኮ ለአሳማ መኖ መስፈሪያ ነው።»

«ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ሥራህ ነዋ» አለች። «የእኛም ልጆች በየሰው ሀገር ይህንኑ እየሠሩ አይደል። ልጆቻችን እንዳይዋረዱ ብለን ሰው አናዋርድም።»

ቁጭ አልኩ። ዴላሪ መዳፏን በሟቿ ጉልበት ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳታዜም፣ ጎረቤቷን የምታናግር ይመስል መናገር ጀመረች።

«ሙሽራ ሳለን ከአንቺ ጋር የተጠበሰ ስኳር ድንች በላሁ። ትልቁን ለእኔ ሰጠሽኝ» አለች። ተነሳች። ቀጣዩ ሽማግሌ መጣ፤ እሱም እጁን አኑሮ፣ «በጎርፉ ዓመት ከአንቺ ጋር የሻገተ ዳቦ በላሁ» አለ። እያንዳንዱ ከሟቿ ጋር የበላውን አንድ ነገር ይናገራል፤ ይነሳል። ያ ነው መሸኛቸው። ሌላ የለውም።

ኦርማኖ ተራው ሲደርስ እጁን አኖረ።

«አሥራ አራት ዓመት ከአንቺ ጋር ምንም አልበላሁም» አለ። አሮጊቶቹ ጠበቁት። «ስሄድ… ስሄድ መርከቡ ላይ የምበላው የተቀቀለ ሸርጣን ቋጠርሽልኝ። ብቻዬን መብላት አፍሬ ባሕር ውስጥ ጣልኩት። በልቼዋለሁ ብዬ ጻፍኩልሽ።» ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም፤ ማንም ሊሰማው የሚችል አልነበረም።

ዴላሪ ወደ እኔ አመለከተች። እጄን ያን ጉልበት ላይ አኖርኩ። «ከእርስዎ ጋር ምንም አልበላሁም» አልኩ፤ እውነት ስለሆነ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህም ይባላል ማለት ነው።

ስንመለስ አስናቀች አንሶላ የምታጥፍበትን ድምፅ ትታ፣ በወፍጮ ቤቱ ድምጿ «ዛሬ ገና ሰው ሆኑ» አለችኝ። የሆቴሉ ዘበኛ ደንግጦ ከጎጆው ወጣ።

ሰው በመሆኔ ተበረታትቼ በማግስቱ እውነተኛውን ወግ ለመፈጸም ወሰንኩ። ቅርፊቱን ተውኩት። ዱላውን ተውኩት። እንግዶቹ ከመኪና ሲወርዱ በሩ ላይ ቆሜ፣ ለእያንዳንዳቸው ቀና ብዬ፣ በዴላሪ አነጋገር «በልታችኋል?» አልኳቸው።

በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ አቤቱታ ገባ። አሥራ ሁለቱ ቁርስ ከክፍሉ ጋር የማይሰጥ መስሏቸው ነው። አራቱ ወፍረናል ማለቱ ነው ወይ ብለው ነው። የቀሩት ሦስቱ ሽማግሌው የሀገሩ ሰው አይመስልም፣ ወጉን አያውቅም የሚሉ ነበሩ። ማዳም ኖርዳ እነዚህን ሦስቱን ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሻንጣ ትሸከማለህ» አለችኝ። «ሽማግሌ አግኝተናል። ተወላጅ ነው፤ ከዚሁ መንደር። እንዲያውም የአሥራ አራት ዓመት የሽማግሌነት ልምድ አለው። ችግሩ ወጋችንን አያውቅም። በሁለት ሳምንት ታስተምረዋለህ።»

ኦርማኖ ነበር። ቤቱን ለማደስ፣ ወደ በረዶው ላለመመለስ ብሎ ገባ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥላ ስር ተቀምጠን አስተማርኩት። ቀብሩ ላይ ካየኝ ወዲህ «አባቴ» ቀርቶ «አንተ» ይለኛል። የጎደለ ይሙላ፤ የሞላ አይፍሰስ። አንቀጽ ስድስት። የአባቴ የበሬ አጠማመድ። ጉንዳኑ። ሁሉንም በትንሽ ደብተር ይጽፋል፤ አነባበቡን ይጠይቃል፤ ያርማል። ጎበዝ ተማሪ ነበር። እኔ ያልተሳካልኝን እንባ እሱ በሦስተኛው ቀን ከራሱ ዓይን ማውጣት ቻለ። ስሰማው ሀገሬ የእሱ፣ እኔ ደግሞ ልማር የመጣሁ መሰለኝ።

በመጨረሻው ቀን እርሳሱን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«በሀገርህስ ሰው ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ምን ትሉታላችሁ?»

ለመመለስ አፌን ስከፍት መጀመሪያ የመጣልኝ «እንኳን ወደ ሆቴላችን በደህና መጡ» የሚለው ነው። ዋጥኩት። ቀጥሎ የመጣው የቅርፊቱ ምርቃት ነው። እሱንም ዋጥኩት። ኦርማኖ አልቸኮለም፤ ነገሩን ያውቀዋል። በመጨረሻ በይርገዱ ድምፅ መጣልኝ።

«መደብህ አልቀዘቀዘም እንለዋለን።»

«የመጣውስ ምን ይላል?»

«እኔም ሌላ ቦታ አልሞቀኝም፣ ይላል።»

ባሕሩን አየ። ከዚያ እርሳሱን አነሳ። «እሱንም ላስገባው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አሰብኩበት። የት ቢገባ እንደሚያምር ወዲያው ታየኝ፤ ከሁለተኛው ውሃ በኋላ፣ ከጉንዳኑ በፊት። እንግዶቹ እንዴት እንደሚወዱትም ታየኝ።

«እሱን ተወው» አልኩት። «እሱ የቤት ነው።»

«እሺ» አለና ደብተሩን አጠፈ።

ኦርማኖ በሩ ላይ መቆም በጀመረ በአራተኛው ቀን ከአንዲት እንግዳ ኋላ ሻንጣዋን ተሸክሜ ቆሜ ነበር። ኦርማኖ ሁለተኛውን ውሃ እጇ ላይ አፈሰሰ፤ ዝቅ ብሎ፣ በእኔ ቋንቋ፣ «መደብሽ አልቀዘቀዘም» አላት። ከእኔ አሳምሮ ነው ያለው። ዓይኑን ወደ እኔ አላዞረም፤ እኔም ሻንጣውን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

ደረጃውን ስንወጣ ሴትዮዋ ዞር አለች፤ ዓይኖቿ እርጥብ ናቸው።

«ሽማግሌው ያሉኝ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም እመቤቴ» አልኳት። «እኔ የዚህ ሀገር ሰው አይደለሁም።»